ፓንሲት ከሥራ መልስ፦ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ የፊሊፒንስ ኑድልስ

ዱባይ ውስጥ ከፊሊፒኖች ጋር ቤት ተጋርቶ የኖረ ሰው ፓንሲትን ሳያውቅ አይቀርም። ልደት ሲሆን ይሠራል። ደመወዝ ሲገባ ይሠራል። አንዷ ለእረፍት አገሯ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ይሠራል። ምንም ምክንያት ሳይኖርም፣ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ጥቅል ጎመንና ሁለት ካሮት ከተገኘ ያው ይሠራል።

እኔ የምኖረው ሳትዋ ነው። ፊሊፒኖች የሚበዙበት ሰፈር ስለሆነ የእነሱን ዕቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አብረውኝ ከሚኖሩት ልጆችም አብዛኞቹ ፊሊፒኖች ናቸው። በዕድሜ ትልቋን ሁላችንም «አቴ» ነው የምንላት፣ እነሱ ታላቅ እህታቸውን እንደሚጠሩት። ፓንሲት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሚዛን የላት፣ ሰዓት አታይ። እኔ ነኝ አጠገቧ ቆሜ በኩባያና በማንኪያ እየለካሁ የጻፍኩት።

አሁን ደግሞ እናንተ ጋ የማደርሰው አንድ ጥያቄ ስለሚበዛብኝ ነው። «እነሱ ሲሠሩት እጅ ያስቆረጥማል፣ እኛ ስንሠራው ግን ወይ ይለጣጠፋል ወይ ገንፎ ይሆናል፣ ለምንድን ነው?» ይሉኛል የአገሬ ልጆች። መልሱ ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው ኑድልሱን እንደ ፓስታ በብዙ ውሃ ይቀቅለዋል፣ ያጠለዋል፣ ከዚያ በሶስ ይለውሰዋል። ፓንሲት እንደዚያ አይሠራም። ኑድልሱ የሚበስለው ከነሶሱ ከነዶሮው በተለካ መረቅ ውስጥ ነው፤ መረቁንም ጠጥቶ ይጨርሰዋል። በመጨረሻ የሚደፋ ውሃ የለም። ጣዕሙ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ይህችን ነገር ከያዛችሁ የቀረው የመክተፍ ሥራ ብቻ ነው።

ፓንሲት ስንል አንድ ዓይነት ምግብ እንዳይመስላችሁ። ኑድልሱ ሲቀየር ስሙም አሠራሩም ይቀየራል። «ቢሖን» በጣም ቀጭኑና ነጩ ነው፣ ከሩዝ ይሠራል። «ካንቶን» ቢጫው የስንዴ ኑድልስ ነው፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተጠበሰ ስለሆነ ቶሎ ይለሰልሳል። «ሶታንግሖን» ከማሾ ስታርች የሚሠራው፣ ሲበስል መስታወት የሚመስለው ነው። «ፓላቦክ» ደግሞ ከላዩ ብርቱካናማ የሽሪምፕ ሶስ ይፈስበታል፤ የተቀቀለ እንቁላልና የደቀቀ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይነሰነስበታል። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አለው። ኬዞን ግዛት ውስጥ ሉክባን የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ፓንሲቱ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርብና ያለ ሹካ፣ ያለ እጅ፣ ቅጠሉን ወደ አፍ አስጠግቶ ነው የሚበላው። ስሙ «ፓንሲት ሃብሃብ» ነው፤ ከምናውቀው ፍሬ ጋር ዝምድና የለውም። ሰሜን ወደ ቱጌጋራዎ ሲኬድ የውሃ ጎሽ ሥጋና እንቁላል ይገባበታል። ኢሎይሎ ላይ ደግሞ «ፓንሲት ሞሎ» ብለው ያቀርቡላችሁና ኑድልስ የሚባል ነገር የለበትም! በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ያለበት ሾርባ ነው።

መነሻው ከቻይና ነው። ቻይናውያን ነጋዴዎች ስፔኖች ሳይመጡ በፊትም ወደነዚያ ደሴቶች ይመላለሱ ነበር። ማኒላ ውስጥ ያለው ቢኖንዶ የሚባለው የቻይናውያን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1594 ነው የተመሠረተው። ኑድልሱን፣ ሶይ ሶሱንና የመጥበሻ አያያዙን ከእነሱ ወሰዱ፤ ሎሚውንና የባሕሩን ነገር የራሳቸውን ጨመሩ። ረጅም ኑድልስ ረጅም ዕድሜ ነው የሚለው እምነትም ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ ለልደት የሚሠራ ፓንሲት አይቆረጥም። አቴ ጋ አንድ ሰው ደረቁን ኑድልስ ከሁለት ሰብሮ ድስት ውስጥ ቢከት ፊቷ ሲጠቁር ታያላችሁ። በሌላ ቀን ግን ለአወጣጥ እንዲመች ከተነከረ በኋላ በመቀስ አንድ ሁለቴ ብትቆርጡት የሚቆጣችሁ የለም።

እኔ የምነግራችሁ የቢሖኑን ነው። ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ ለጾምም ይመቻል። ጊዜውም አጭር ነው። ቤድ ስፔስ፣ ማለትም በጋራ ክፍል አልጋ ብቻ ተከራይታችሁ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ምድጃ ለስንት ሰው ነው። ከሥራ ገብታችሁ ተራችሁ ሲደርስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ብትቆዩ ኩሽናው በር ላይ ድስት ይዞ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

መጀመሪያ ግዢው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባሕረ ሰላጤው አገር ሱቅ ገብታችሁ «ቬርሚሼሊ» ብትሉ አጭር አጭር የተቆራረጠውን የስንዴ ሸሪያ ይሰጧችኋል። እሱ ለሩዝና ለወተት የሚሆነው ነው፤ ለፓንሲት አይሆንም። እናንተ የምትፈልጉት ረጅሙን፣ ነጩን፣ እንደ ተጠቀለለ ክር የታሸገውን ነው። «ቢሖን» ወይም «የሩዝ ስቲክ» የሚል ከሆነ ትክክል ነው። ከዚያ ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ ንጹሕ ሩዝ ነው። አንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይ ከፊሊፒንስ የሚመጣው፣ ከበቆሎ ስታርች የተሠራ ወይም የተቀላቀለ ነው። ሁለቱም ይሆናሉ፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። የሩዙ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይበጣጠሳል። የበቆሎው ጠንከር ይላል፣ መረቅ ይፈልጋል፣ ግን ብታማስሉት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ የበቆሎ ያለበትን እመርጥላችኋለሁ። የፊሊፒንስ ግሮሰሪ በሳትዋ፣ በካራማና በዴይራ ሞልቷል፤ ሉሉ ሱፐርማርኬትም የእነሱ ዕቃ ያለበት መደርደሪያ አለው።

ሶይ ሶስ ማንኛውም ይሆናል። የፊሊፒኖቹ፣ እንደ ሲልቨር ስዋንና ዳቱ ፑቲ ያሉት፣ ጨዋቸው ጠንካራ ነው። ስለዚህ በእነሱ ከሠራችሁ ጨው የሚባል ነገር እስከ መጨረሻው አትንኩ። ሶይ ሶስ፣ ላዩ ላይ የመረቅ ኩብ፣ ላዩ ላይ ጨው ከሆነ ማታውን ሙሉ ውሃ ስትጠጡ ማደራችሁ ነው።

ኦይስተር ሶስም አብዛኛው ሰው ይጨምራል። ጣፈጥ ያለ ወፍራም ነገር ነው፣ ጥሩ መልክም ይሰጠዋል። ግን ከባሕር ዛጎል የሚሠራ ስለሆነ ለብዙዎቻችን አይሆንም። ከእንጉዳይ የሚሠራ ተመሳሳይ ሶስ ይሸጣል። እሱም ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ሶይ ሶሱ ውስጥ ሟሙቶ ቢገባ ልዩነቱን የሚያውቅባችሁ ሰው አይኖርም። እኔ ብዙ ጊዜ የማደርገው ይሄንኑ ነው።

የአሳማ ነገርም አለ። ቤታችን ኦርቶዶክስም ሙስሊምም አለን፣ አቴ ሁላችንንም ታውቃለች፣ በዶሮ ነው የምትሠራልን። በሰው ቤት ስትጋበዙ ግን መጠየቅ ነውር አይደለም። ፊሊፒንስ ውስጥ ፓንሲት ላይ አሳማ መግባቱ የተለመደ ነው። የሚታየው ቁራጭ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ቀዩ የቻይና ቋሊማም፣ «ኪኪያም» የሚሉት ጥቅልም፣ አንዳንዴ የተጠበሰበት ስብም ሊሆን ይችላል። «ባቦይ አለው?» ብትሉ ይበቃል። ባቦይ አሳማ ነው። ማንም አይቀየማችሁም፤ እንዲያውም ለእናንተ የሚሆነውን ለይተው ያወጡላችኋል።

እሺ፣ ወደ ኩሽና እንግባ። ይህ ለአራት ሰው የሚበቃ ነው፦ 250 ግራም ቢሖን፣ 300 ግራም የሚሆን የዶሮ ደረት፣ አንድ ትልቅ ካሮት፣ አንድ እፍኝ ፎሶሊያ፣ የጥቅል ጎመን ሩብ፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት። ሶይ ሶስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ቁንዶ በርበሬ። ዘይት። ሎሚ። ሰለሪ ካገኛችሁ አንድ ዘንግ ጨምሩ፣ ሽታው ልዩ ነው፤ ከሌለም አትጨነቁ።

ቤት እንደገባችሁ፣ ልብስ ሳትቀይሩ፣ ኑድልሱን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከታችሁ በቧንቧ ውሃ ንከሩት። ፍል ውሃ አይሁን። ፍል ውሃ ውጩን ያበስለውና ውስጡ ይቀራል፤ ገንፎ የሚሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። የሩዝ ብቻ ከሆነ አምስትም ይበቃል። ስታነሱት ሳይሰበር እንደ ገመድ መታጠፍ አለበት፤ ስትነክሱት ግን ገና ጥሬ ነው። እንደዚያ ሲሆን አንጠፍጥፉት። ዱባይ በበጋ የቧንቧ ውሃው ራሱ ፍል ነው፣ እሱን የኖራችሁበት ታውቃላችሁ። ያኔ ከጠርሙስ ወይም ከፍሪጅ ውሃ መጠቀም ነው።

እሱ እስኪለሰልስ ትከትፋላችሁ። ካሮቱን ክብሪት በሚያህል ውፍረት፣ ፎሶሊያውን አግድም አጋድማችሁ፣ ጎመኑን ጣት በሚያህል ስፋት። ጎመን በጣም ከቀጠነ ይጠፋል። ዶሮውን በጣም ስስ አድርጉት፤ የዚህ አሠራር ፍጥነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰፊ ጊዜ ሲኖር አቴ ዶሮውን ከነአጥንቱ ቀቅላ፣ ሥጋውን ፈልፍላ፣ በራሱ መረቅ ነው የምትሠራው። ያኛው ይበልጣል፣ አልዋሽም። በሥራ ቀን ግን ስስ የተቆረጠ ደረትና አንድ የዶሮ ኩብ ያደርሱናል።

መረቁን አሁኑኑ አዘጋጁት። ሁለት ኩባያ ተኩል፣ ማለትም 600 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ኩብ አሟሙ። ማጊም ይሁን ክኖር ለውጥ የለውም። ሶይ ሶሱን፣ ስኳሩን ወይም የእንጉዳይ ሶሱን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ እዚያው ጨምሩ። ቅመሱት። በዚህ ሰዓት ከሾርባ ትንሽ በለጥ ያለ ጨው ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱም ኑድልሱ ራሱ ምንም ጣዕም የለውም፣ ያገኘው ይሄንኑ ነው የሚጠጣው። በኋላ ኑድልሱ ገርጥቶ አይታችሁ ሶይ ሶስ ከላይ ብታፈሱበት አንዱ ጋ ጥቁር ሌላው ጋ ነጭ ሆኖ ይቀራል እንጂ አይስተካከልም።

ከዚያ ያላችሁን ሰፊ መጥበሻ ጣዱ። ሰፊ መሆን አለበት። ጠባብና ረጅም ድስት ከሆነ የታችኛው ሲንኮታኮት የላይኛው ጥሬ ነው። ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በደንብ ሲግል መጀመሪያ አትክልቱን ብቻ። ካሮትና ፎሶሊያ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ጎመን አንድ ደቂቃ። ገና እንደተንኮሻኮሸ ወደ ሳህን አውጡት። የኤሌክትሪክ ምድጃችን እሳቱ ደካማ ስለሆነ እኔ በሁለት ዙር ነው የማደርገው። ሁሉንም አንዴ ከከመራችሁበት ውሃ ያወጣል፣ መጥበስ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። ይህን አትክልት የማውጣት ነገር ሰነፎች ይዘሉታል። አትዝለሉት። ጎመኑ ከኑድልሱ ጋር አብሮ ከበሰለ የሚወጣው የጎመን ወጥ ሽታ ነው።

አሁን በዚያው መጥበሻ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። እዚህ ጋ የእኛ እጅ ትንሽ ይቸገራል። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጥደን፣ እያቁላላን፣ እስኪጠቁር ብዙ እንቆያለን። እነሱ ነጭ ሽንኩርቱን ነው የሚያስቀድሙት፣ በዘይት፣ ለጥቂት ሰከንድ። ወርቃማ ሊሆን ሲል ቀይ ሽንኩርቱ ይገባል፤ ለስለስ እንዳለ ያበቃል። የወጥ ቁሌት እንዳታደርጉት። ቁሌት ከሆነ ምግቡ ከባድ ይሆናል፣ ቀለሙም ይበላሻል። ወዲያው ዶሮውን ጨምሩና ነጭ እስኪሆን አራት አምስት ደቂቃ አገላብጡት።

መረቁን አፍሱ፣ ግን ሩብ ኩባያ ያህል አስቀሩ። ሲፈላ ኑድልሱን ከላይ አድርጉበት። እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ማማሰያ አትንኩ። ማማሰያ ይፈጨዋል። ሁለት ሹካ ያዙና፣ ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ እያላቀቃችሁ መልሱት፤ ሰላጣ እንደሚገላበጥ ማለት ነው። ሁሉም ክር መረቁን መንካት አለበት። ነጭ ሆኖ የቀረ ካለ ወደ ታች አስገቡት።

ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መረቁ ሲጎድል ታያላችሁ። ድምፁም ይቀየራል፤ መፍላቱ ቀርቶ መንጣጣት ይጀምራል። ያኔ አንድ ክር ቅመሱ። ጠንከር ካለ ያስቀራችሁትን መረቅ በዙሪያው ጨምሩ። ከለሰለሰና ገና መረቅ ካለው ደግሞ አትደንግጡ፣ ከእሳት ሲወርድም መጠጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ትንሽ ርጥበት ሲቀረው አትክልቱን መልሱበት፣ አንድ ሁለቴ አገላብጡ፣ እሳቱን አጥፉ፣ ከድናችሁ ሁለት ደቂቃ ተዉት። ጭልፋ ስታስገቡ ሥሩ ላይ የሚንቀሳቀስ መረቅ መኖር የለበትም፤ ኑድልሱ ግን የሚያብለጨልጭ ይሁን።

ብዙ ሰው ሲኖር መጠኑን እጥፍ አድርጎ በአንድ መጥበሻ መሥራት ያምራል። አይሆንም። ሁለት ጊዜ ሥሩት። እንግዳ ሲበዛ እነሱ «ቢላዎ» በሚሉት ክብ የቀርከሃ ሰፌድ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፈው ነው የሚያቀርቡት፤ ምግብ ቤቶችም በትዕዛዝ በዚያው ይሸጡታል። የተቀቀለ እንቁላል ቆራርጠው ከላይ ይደረድሩበታል።

ሎሚው ጌጥ እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ጣዕም እሱ ነው። እነሱ የሚጠቀሙት ካላማንሲ ነው፤ ትንሽ ክብ፣ ውጩ አረንጓዴ ውስጡ ብርቱካናማ። ግሮሰሪው ውስጥ ፍሬውም፣ ጭማቂውም በጠርሙስ ይገኛል። የእኛ ትንሿ ሎሚ በደንብ ትተካዋለች፣ ግን ኮምጣጣነቷ ስለሚበረታ ቀነስ አድርጉ። ድስት ውስጥ አይጨመርም። እያንዳንዱ ሰው ሳህኑ ላይ ይጨምቃል። ፓቲስ የሚሉት የዓሣ ሶስ ጠብ የሚያደርጉበትም አሉ። ሽታውን ከለመዳችሁት ይጣፍጣል፤ እኔ እስካሁን አልተስማማኝም።

ስለ በርበሬ ትጠይቁኛላችሁ። ድስቱ ውስጥ በርበሬ አትጨምሩ። ፓንሲቱን ወደ ፓስታ በስልስ ይቀይርባችኋል። ሚጥሚጣ ግን ሳህን ላይ፣ ከሎሚው በኋላ፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ብትነሰንሱበት ድንቅ ነው። አቴ አሁን ሚጥሚጣ ከእኔ ትበደራለች።

በዳቦ ሲበሉት ካያችሁም አትሳቁ። ከሰዓት በኋላ ለመክሰስ ዳቦ ውስጥ ከተው ይበሉታል። ከሩዝ ጋር የሚበሉትም አሉ። ፓስታን በእንጀራ የምንበላ ሰዎች በዚህ የመፍረድ መብት ያለን አይመስለኝም።

ጾም ሲገባ የምሠራው ይሄንኑ ነው፣ ትንሽ ለውጬ። በዶሮው ቦታ እንጉዳይ። የደረቀ የእንጉዳይ ፓኬት ካገኛችሁ ለግማሽ ሰዓት በሙቅ ውሃ ንከሩትና የነከራችሁበትን ውሃ አጥልላችሁ መረቅ አድርጉት፤ ከማንኛውም ኩብ ይበልጣል። ትኩስ እንጉዳይ ከሆነ በጠንካራ እሳት ውሃው እስኪደርቅ ጥበሱት። ቶፉ የምትወዱ ቆራርጣችሁ ለብቻው ጠብሳችሁ በመጨረሻ ጨምሩ። ኩቡ የአትክልት መሆኑን አረጋግጡ፣ የዶሮውና የአትክልቱ ፓኬት ይመሳሰላል። ካንቶን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ፣ እንቁላል ያለበት አለ። ስንዴ የማይስማማችሁም ብትሆኑ ቢሖን ሩዝ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ተራው ሶይ ሶስ ስንዴ አለበት።

ለዚህም አቅም ሲጠፋ ላኪ ሚ አለ። የፓኬቱ ፓንሲት ካንቶን ነው፣ ሾርባ የሌለው ኢንዶሚ በሉት። ካላማንሲ ያለበት አለ፣ የሚያቃጥልም አለ። አንዱ አያጠግብም፣ ሁለቱ ይበዛል፤ ፊሊፒኖቹ ራሳቸው የሚቀልዱበት ነገር ነው። ይሄኛው ከላይ ካልኩት በተቃራኒ ተቀቅሎ ይጠለላል፣ ምክንያቱም ሶሱ ለብቻው ተዘጋጅቶ መጥቷል። እኔ ኑድልሱ ሲፈላ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ እፍኝ የተከተፈ ጎመንና ካሮት እዚያው ውሃ ውስጥ እጥላለሁ፣ አንድ ላይ አጠልላለሁ። ከቅመሙ ዱቄት ግማሹን ብቻ። ከላይ የተጠበሰ እንቁላልና ሎሚ። ሌሊት ፈረቃ ለሚገባ ሰው ከባዶ ሆድ ይሻላል።

የተረፈ ካለ ቶሎ ፍሪጅ አስገቡት። አትክልትና ሶስ የነካው ኑድልስ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ የዱባይን በጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለጠዋት ብላችሁ መጥበሻው ላይ አታሳድሩት። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ስታሞቁት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ረጭታችሁ፣ ከድናችሁ፣ በትንሽ እሳት። ማይክሮዌቭ ከሆነም ውሃውን አትርሱ።

አዲስ አበባ ያላችሁም ትችላላችሁ። እህቴ እዚያ የምትሠራው በቀጭኑ ስፓጌቲ ነው። ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ሦስት ቀንሳ ቀቅላ ታጠለዋለች፣ የቀረውን አንድ ኩባያ በሚሆን መረቅ ውስጥ እዚያው መጥበሻ ላይ ትጨርሰዋለች። ካንቶኑን ይመስላል፣ ቢሖኑን አይመስልም፣ ግን ጥሩ ነው። ዋናውን የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ የሚመጣ ሰው ሁለት ሦስት ፓኬት ቢሖን እንዲይዝላችሁ ጠይቁ። ቀላል ስለሆነ ኪሎ አይበላም፤ እንዳይሰባበር ግን ሻንጣው መሀል፣ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሶይ ሶሱን እዚያው ግዙ። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ስለሚገኝ ጠርሙስ አምጣልኝ ብላችሁ የሰው ነጭ ልብስ አታበላሹ።